ሰሜን ወይስ ደቡብ? ቶኪዮ በ1941 ክረምት የተጫወተችው ጌም

ሲቪላይዜሽን የተባለውን የኮምፒውተር ጌም የተጫወተ ሰው ይህችን ሰዓት በደንብ ያውቃታል። ከተሞቹ ተሠርተዋል፣ ጎተራው ሞልቷል፣ ጦሩ ድንበር ላይ ቆሞ ትእዛዝ ይጠብቃል። በሰሜን አንድ ጎረቤት አለ፣ በደቡብ ሌላ። ማንን ልውረር? ጌሙ እንደ ገበጣና እንደ ሰንጠረዥ በተራ የሚሄድ ስለሆነ የሚያስቸኩል የለም። ሻይ አፍልቶ መጥቶ ማሰብም ይቻላል።

ጀማሪ ተጫዋች በዚህች ሰዓት የሚያየው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፦ የማን ጦር ያንሳል? የጌሙ ሠሪዎች ይህን አመል ስለሚያውቁ ወጥመድ አስቀምጠውለታል። ከወጥመዶቹ አንዱ ደግሞ የእኛው ስም ያለበት ነው። በ2012 ለአምስተኛው እትም በወጣው ማስፋፊያ ኢትዮጵያ በአጼ ኃይለ ሥላሴ መሪነት ወደ ጌሙ ስትገባ «የአድዋ መንፈስ» የሚል ልዩ ችሎታ ተሰጣት። ከእሷ የበለጠ ከተማ ካለው አገር ጋር ስትዋጋ የሠራዊቷ ጉልበት 20 በመቶ ይጨምራል። መሐል ሰፋሪ የተባለው ጦሯ ደግሞ ወደ ዋና ከተማዋ በቀረበ ቁጥር ይበረታል። ሦስት ከተማ ብቻ አይቶ «ይቺማ ቁርስ ናት» ብሎ የገባ ተጫዋች ምን እንደሚገጥመው መገመት አያቅትም።

ጥያቄው ግን ከኮምፒውተር በፊትም ነበር። በ1941 ክረምት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ቶኪዮ ውስጥ ከ30 የሚበልጡ ወጣቶች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ይህንኑ ጌም ተጫውተውታል። ልዩነቱ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው አገር የራሳቸው አገር መሆኑ ነበር። የጌሙም ውጤት ትክክል ነበር። የሚገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው።

መጀመሪያ የጃፓንን ቦርድ እንመልከት። ጃፓን ከ1937 ጀምሮ ቻይና ውስጥ ተዘፍቃለች። በወራት ያልቃል የተባለው ጦርነት አራተኛ ዓመቱን ይዟል። መቶ ሺዎች ወታደሮች እዚያ ተጣብቀዋል፣ ማሸነፍም መውጣትም አልተቻለም። በዚህ መሐል ነው ሁለት መንገድ ከፊቷ የቆመው። የመጀመሪያው ወደ ሰሜን ነው፦ ከማንቹሪያ ተነስቶ ሶቪየት ኅብረትን መውጋት። ሁለተኛው ወደ ደቡብ ነው፦ የፈረንሳይን፣ የእንግሊዝንና የሆላንድን ቅኝ ግዛቶች መውሰድ።

የምድር ጦሩ ልብ ለረጅም ጊዜ ሰሜን ነበር። ሆኖም ሰሜን አንዴ ቀምሶታል። በ1939 በሞንጎሊያ ድንበር፣ ጃፓኖች ኖሞንሃን ሩሲያውያን ደግሞ ካልኪን ጎል በሚሉት ስፍራ፣ ጆርጂ ዙኮቭ የሚባል እስከዚያ ብዙም ያልታወቀ አዛዥ በታንክ ከቦ የጃፓንን 23ኛ ክፍለ ጦር ደመሰሰው ማለት ይቻላል። የድንበር ግጭት ነው ተብሎ ወሬው ታፈነ። የጦር መሪዎቹ ግን አልረሱትም።

ከዚያ ጁን 22 ቀን 1941 ጀርመን ሶቪየት ኅብረትን ወረረች። ቶኪዮ ተደበላለቀች። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ማትሱኦካ ዮሱኬ ገና በኤፕሪል ሞስኮ ሄዶ ከስታሊን ጋር የገለልተኝነት ውል ፈርሞ መጥቷል። የፊርማው ቀለም ሳይደርቅ እሱው ራሱ ተነስቶ «አሁኑኑ ሩሲያን እንውጋ» ማለት ጀመረ። የጦር መሪዎቹ ይልቅ ፍሬው በስሎ ራሱ እስኪወድቅ እንጠብቅ አሉ። ስታሊን ከሩቅ ምሥራቅ ጦሩን አንስቶ ወደ ጀርመን ግንባር ሲወስድና ሳይቤሪያ ባዶ ሲቀር እንገባለን ማለታቸው ነው። በልምምድ ስም ማንቹሪያ ውስጥ 700 ሺህ ያህል ሠራዊት አከማቹ። ፍሬው ግን አልወድቅ አለ። የሶቪየት ጦር የተጠበቀውን ያህል አልቀነሰም፣ የሳይቤሪያ ብርድም እየቀረበ መጣ። ኦገስት ላይ የዚያ ዓመት የሰሜን ዘመቻ ተሰረዘ።

ደቡብ ደግሞ ባለቤቱ ርቆ የሄደበት ቤት ይመስል ነበር። ሆላንድና ፈረንሳይ በ1940 በጀርመን ተይዘዋል፣ እንግሊዝ የራሷን ሰማይ ትጠብቃለች። የዛሬዋ ኢንዶኔዥያ ውስጥ በፓሌምባንግና በባሊክፓፓን የጃፓን መርከቦች የሚናፍቁት ነዳጅ አለ፤ ማላያ ውስጥ ጎማና ቆርቆሮ። ሰሜን ውስጥ ከሳካሊን ጥቂት ነዳጅ በስተቀር ይህ ሁሉ የለም። ጃፓን ከምትጠቀመው ነዳጅ 80 በመቶ ገደማ የሚመጣው ከአሜሪካ ነበር። ይህን ቁጥር ልብ በሉ፤ ከዚህ በኋላ ያለው ነገር ሁሉ በሱ ዙሪያ ይሽከረከራል።

በጁላይ 2 ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት ጉባኤ የተወሰነው ውሳኔ ሲነበብ ያስገርማል። ወደ ደቡብ እንገፋለን፣ ለዚህም ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ጋር መዋጋት ቢመጣ አንፈራም፤ ለሰሜንም እንዘጋጃለን። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይላል አገራችን። ቶኪዮ ግን መምረጥ ሲያቅታት ሁለቱንም መረጠች።

በወሩ መጨረሻ የጃፓን ጦር ደቡብ ኢንዶቻይና ገባ። ጥይት እንኳን ብዙም አልተተኮሰም፤ ከፈረንሳይ የቪሺ መንግሥት ጋር በስምምነት ነበር። በጌም ቋንቋ አንዲት እርምጃ፣ አንድ ካሬ ወደፊት ማለት ነው። ዋሽንግተን ግን የጃፓንን ገንዘብ ሁሉ አገደች፣ በቀናት ውስጥ የነዳጁ ሽያጭም ቆመ። እንግሊዝና በስደት ያለው የሆላንድ መንግሥትም ተከተሉ። ቶኪዮ ውስጥ ብዙ ሹማምንት ደነገጡ፤ አሜሪካ እዚህ ድረስ ትሄዳለች ብለው አልጠበቁም። የቀረው የነዳጅ ክምችት በጦርነት ጊዜ ፍጆታ ሁለት ዓመት የማይሞላ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። ተጨማሪ ለማግኘት የተዘረጋ እጅ 80 በመቶውን አጣ።

አሁን ወደ ወጣቶቹ እንመለስ። የጃፓን መንግሥት በ1940 የጠቅላላ ጦርነት ጥናት ተቋም የሚባል ቤት ከፍቶ ነበር። በ1941 የመጀመሪያዎቹን ሰልጣኞች ተቀበለ። ከየሚኒስቴሩ፣ ከምድር ጦርና ከባሕር ኃይል፣ ከባንክ፣ ከመርከብ ኩባንያ፣ ከዜና አገልግሎት የተመረጡ፣ አብዛኞቹ በ30ዎቹ መጀመሪያ ላይ ያሉ፣ በየመሥሪያ ቤታቸው «ነገ ትልቅ ይሆናል» የተባሉ ሰዎች ናቸው። በክረምቱ አንድ ሥራ ተሰጣቸው። የይስሙላ ካቢኔ አቋቁሙ፤ አንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ አንዱ የገንዘብ ሚኒስትር፣ አንዱ የባሕር ኃይል ሚኒስትር ይሁን። መምህራኑ ሁኔታውን በየዙሩ ያቀርባሉ፣ ካቢኔው ይመልሳል። አሜሪካ ነዳጅ ብትዘጋና ጃፓን የደቡቡን ሀብት በጦር ብትወስድ ከዚያ ወዲያ ምን ይከተላል?

እነዚህ ልጆች ከአለቆቻቸው የሚለዩት በብልህነት አልነበረም። እያንዳንዱ የመጣበትን መሥሪያ ቤት እውነተኛ ቁጥር ይዞ መምጣቱና ቁጥሩ ከሌላው ቁጥር ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ መዋሉ ነው የለያቸው። በእውነተኛው መንግሥት ይህ አይደረግም ነበር። ምድር ጦሩ ለባሕር ኃይሉ አይናገርም፣ ባሕር ኃይሉ ምን ያህል ነዳጅ እንዳለው ለካቢኔው አይገልጥም። በይስሙላው ካቢኔ ግን የነዳጁ ሰው «ፓሌምባንግን ያዝን እንበል» ሲል የመርከቡ ሰው «በምን ታመጣዋለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ጌሙ ያበቃው እዚህ ጥያቄ ላይ ነው። የጠላት ሰርጓጅ መርከቦች የሚያሰምጡትና የጃፓን ፋብሪካዎች በየዓመቱ የሚሠሩት የንግድ መርከብ ሲነጻጸር የሚሰምጠው ይበልጣል። ነዳጁ ደቡብ ውስጥ ይኖራል፣ ጃፓን ግን አይደርስም።

ኦገስት 27 እና 28 ቀን ውጤቱን በጠቅላይ ሚኒስትሩ መኖሪያ ለእውነተኛው ካቢኔ አቀረቡ። ጠቅላይ ሚኒስትር ኮኖዬ ፉሚማሮና የጦር ሚኒስትሩ ቶጆ ሂዴኪ ተቀምጠው ሰሙ። ድምዳሜው አጭር ነው፦ በመጀመሪያ ድል ይኖራል፣ ከዚያ ጦርነቱ ይረዝማል፣ የአገሪቱ አቅም ይሟጠጣል፣ መጨረሻው ላይ ሶቪየት ኅብረት ትገባለች፣ ጃፓን ትሸነፋለች። ፐርል ሐርበርንና የአቶሚክ ቦምብን አላዩም። ሌላውን ከሞላ ጎደል አይተውታል።

ተሳታፊዎቹ በኋላ እንዳስታወሱት፣ ቶጆ በሁለቱም ቀን በትኩረት ሲያዳምጥ ቆይቶ መጨረሻ ላይ ተናገረ። ጥናቱ የሚደነቅ ነው አለ። ግን የጠረጴዛ ላይ ሥራ ነው፤ እውነተኛ ጦርነት እንዲህ አይሄድም። ከሩሲያ ጋር ስንዋጋም እናሸንፋለን ብለን አልነበረም የገባነው፣ ግን አሸነፍን። ጦርነት ውስጥ ያልታሰበ ነገር አለ፣ እናንተ ያንን አልቆጠራችሁም። በመጨረሻም ይህን ነገር ውጭ እንዳታወሩ አለ።

ይህን መልስ የደነዝ መልስ ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም። በ1904 እና 1905 ጃፓን ሩሲያን ማሸነፏ ዓለምን ያስደነቀ እውነት ነው። ወሬው አዲስ አበባም ደርሷል። በኋላ «ጃፓናይዘር» የተባሉት የኢትዮጵያ ምሁራን ያችን አገር አርአያ ያደረጉት፣ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1931 ቶኪዮ ድረስ የሄዱት ያለ ምክንያት አይደለም። ቶጆ የጠቀሰው ታሪክ እውነት ነው፤ ያነበበው ግን ግማሹን ነው።

ያኔ ጃፓን የመረጠችው ባላጋራ ብቻውን የቆመ ነበር። ከ1902 ጀምሮ እንግሊዝ የጃፓን አጋር ስለነበረች ሌላ ኃያል አገር ከሩሲያ ጎን ለመሰለፍ አይደፍርም። የጦርነቱ ገንዘብ በብድር የመጣው ከለንደንና ከኒውዮርክ ነው። ሩሲያ ጦሯን የምታመጣው በአንዲት ረጅም የባቡር ሐዲድ ነበር፤ በውስጧም በ1905 አብዮት ፈነዳባት። ዋናው ደግሞ ይህ ነው፦ ጃፓን ገንዘቧና ሰዋ ሲያልቅ፣ ገና እያሸነፈች ሳለች፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት እንዲያስታርቅ ጠየቀች። ፖርትስመዝ ላይ ተፈራረሙ፣ ጌሙ ቆመ። አበዳሪ ነበር፣ አጋር ነበር፣ አስታራቂም ነበር። በ1941 ዝርዝር ውስጥ ያበደሩት፣ ያጋሩትና ያስታረቁት ሁሉ ጠላት ተብለው ሊመዘገቡ ነው። «በቃ» የሚል ዳኛ በሌለበት ሜዳ እንደ 1905 መውጣት አይቻልም።

እዚህ ላይ አንድ ጌም አዋቂ የሚያነሳው ጥያቄ አለ። የሚፈለገው የሆላንድ ነዳጅ ከሆነ ለምን ሆላንድን ብቻ አልነኩም? አሜሪካ ለሆላንድ ቅኝ ግዛት ብላ ትዋጋ ነበር? የጃፓን ባሕር ኃይል ይህን ጥያቄ ዘግቶታል፦ እንግሊዝና አሜሪካ አይነጣጠሉም፣ አንዱን መንካት ሁለቱን መንካት ነው አለ። መልሱ ካርታው ላይም ነበር። ያኔ በአሜሪካ እጅ የነበረችው ፊሊፒንስ ከደቡቡ ነዳጅ ወደ ጃፓን በሚወስደው የባሕር መንገድ ጎን ተቀምጣለች። ነዳጁን ወስዶ አሜሪካን መንገዱ ዳር ትቶ መሄድ፣ ከብት ነድቶ በጅብ ደጃፍ እንደ ማሳለፍ ነው። ስለዚህ ከደካማው ሰው ቤት ለመግባት የተጀመረው ጉዞ የብረት ምርቱ ከጃፓን አሥር እጥፍ የሚበልጠውን አገር መግጠም ሆነ። ባላጋራ የተመረጠው በዚህ መንገድ ነው። «አሜሪካን እንውጋ» ብሎ የጀመረ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ፍላጎት ነዳጅ ላይ ጣለ፣ ነዳጅ መንገድ ላይ ጣለ፣ መንገዱ አሜሪካ ላይ ጣለ።

ጌምና እውነት የሚለያዩበት ሌላም ነገር አለ። በተራ በሚሄድ ጌም ውስጥ ተጫዋች ሲያስብ ዓለም ይቆማል። ቶኪዮ ውስጥ ሰዓቱ ይቆጥር ነበር። የባሕር ኃይሉ ኤታማዦር ሹም ናጋኖ ኦሳሚ በኦክቶበር ስብሰባ ላይ ባሕር ኃይሉ በሰዓት 400 ቶን ነዳጅ እንደሚያቃጥል ተናግሯል። እያንዳንዱ ስብሰባ ራሱ ነዳጅ ይጠጣል። ይህ ስሌት «እንጠብቅ» የሚለውን ምርጫ አጥፊ አስመሰለው፤ ነገ ከመሞት ዛሬ መዝለል ይሻላል የሚል ስሜት ገባ።

ንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ ነገሩ ሳይከነክናቸው አልቀረም። ሴፕቴምበር 5 የምድር ጦሩን ኤታማዦር ሹም ሱጊያማ ሃጂሜን ጠርተው ዘመቻው ስንት ጊዜ ይፈጃል ብለው ጠየቁት። የደቡቡ በሦስት ወር ይጠናቀቃል አለ። አንተ የጦር ሚኒስትር ሳለህ የቻይናው በአንድ ወር ያልቃል ብለኸኝ ነበር፣ ይኸው አራት ዓመት አለፈው አሉት። ሱጊያማ ቻይና ሰፊ ስለሆነች ነው አለ። ፓሲፊክ ከቻይና አይሰፋም ወይ? አሉት። ሱጊያማ አንገቱን ደፋ። ዝግጅቱ ግን አልቆመም።

ኦክቶበር ላይ ኮኖዬ ሥልጣን ለቀቀ፣ ቶጆ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ኦገስት ላይ የሽንፈቱን ትንበያ ቁጭ ብሎ የሰማው ሰው ማለት ነው። በኖቬምበር ለጉባኤው የቀረበው የነዳጅ ሰንጠረዥ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ሚዛኑ ከዜሮ በላይ ለጥቂት እንደሚተርፍ ያሳያል። ለጥቂት ይሁን እንጂ ከዜሮ በላይ ነው፤ ለመወሰን የፈለገ ሰው የሚፈልገው ይኸንኑ ነው። ሃርቫርድ የተማረውና አሜሪካን በዓይኑ ያየው አድሚራል ያማሞቶ ኢሶሮኩ ደግሞ ለስድስት ወር ወይም ለአንድ ዓመት እንደልቤ እሮጣለሁ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ግን እምነት የለኝም ብሎ ለኮኖዬ ቀደም ብሎ ነግሮት ነበር። የፐርል ሐርበርን ጥቃት ያቀደው እሱው ነው።

የመጀመሪያዎቹ ዙሮች በእርግጥም አማሩ። በፌብሩዋሪ 1942 የጃፓን ጃንጥላ ወራሪዎች ፓሌምባንግ ላይ ወረዱ፣ ማጣሪያው ከሞላ ጎደል ደህና ሆኖ ተያዘ። ሲንጋፖር ወደቀች። ነዳጁ ተገኘ! ከዚያ ሜይ 8 ቀን ታይዮ ማሩ የምትባል መርከብ ነዳጅ የሚያወጡ መሐንዲሶችንና ባለሙያዎችን ጭና ወደ ደቡብ ስትጓዝ በአንድ የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከብ ተመታች። ከ800 በላይ ሰው አለቀ። በቀጣዮቹ ዓመታት ነዳጅ ጫኝ መርከቦቹ ተራ በተራ ሰመጡ፤ በ1945 ከደቡብ የሚደርስ ነዳጅ አልነበረም ማለት ይቀላል። የመርከቡ ሰው ኦገስት ላይ የጠየቀው ጥያቄ ውቅያኖሱ ላይ መልስ አገኘ።

ሌላም ጠረጴዛ አለ። በሜይ 1942 መጀመሪያ፣ ያማቶ በተባለው ግዙፍ የጦር መርከብ ላይ፣ የባሕር ኃይሉ አዛዦች የሚድዌይን ዘመቻ በካርታና በዳይስ ተጫወቱት። አሜሪካን ወክሎ የሚጫወተው ወገን ከደሴቲቱ አውሮፕላኖች አስነስቶ የጃፓንን አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች መታ። ዳኛው ኦኩሚያ ማሳታኬ ዳይሱን ወረወረ፦ 9 ምት። አካጊና ካጋ ሰመጡ። ጨዋታውን የሚመራው አድሚራል ኡጋኪ ማቶሜ ጣልቃ ገብቶ 9ኙ ምት 3 ይሁን አለ። አካጊ ዳነች፣ ካጋ ብቻ ሰመጠች። በሚቀጥለው የጨዋታ ምዕራፍ ላይ ደግሞ ካጋ ራሷ ከባሕር ሥር ወጥታ ከጓደኞቿ ጋር ተሰለፈች።

ለኡጋኪ ጠበቃ እንሁንለት ከተባለ አንድ የሚባል ነገር አለ። በእውነተኛው ውጊያ ከደሴቲቱ የተነሱት አውሮፕላኖች አንድም የጃፓን ተሸካሚ መርከብ አልመቱም። 9 ምት የሚለው ዳይስ በእርግጥም የበዛ ነበር። የሰመጠችን መርከብ ማስነሳት ግን ሌላ ነገር ነው። የአሜሪካ ተሸካሚ መርከቦች ሳይጠበቁ ከጎን ብቅ ቢሉስ የሚለው ጥያቄም እዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ ተነስቶ ሁነኛ መልስ ሳያገኝ ታልፏል። ጁን 4 ቀን፣ ከፐርል ሐርበር በኋላ ስድስት ወር ሊሞላ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ የአሜሪካ አውሮፕላኖች ከተሸካሚዎቻቸው ተነስተው መጡ። አካጊ፣ ካጋ፣ ሶርዩና ሂርዩ፣ አራቱም ተመቱ። አንዳቸውም አልተመለሱም።

ያልተመረጠው ሰሜንስ ምን ሆነ? ቶኪዮ ውስጥ የሚሠራው ጀርመናዊ ጋዜጠኛ ሪቻርድ ዞርጌ፣ የሶቪየት ሰላይ ነበርና፣ በ1941 መጸው ጃፓን በዚያ ዓመት ወደ ሰሜን እንደማትሄድ ለሞስኮ አሳወቀ። የሪፖርቱ ክብደት ምን ያህል ነበር በሚለው የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ከሩቅ ምሥራቅ የተነሱ ክፍለ ጦሮች ግን ሞስኮን ለመከላከል ተሰልፈዋል። ዲሴምበር 5 የሶቪየት ጦር በሞስኮ ዙሪያ መልሶ ማጥቃት ሲጀምር የጃፓን መርከቦች ወደ ሐዋይ እየቀዘፉ ነበር።

የጠቅላላ ጦርነት ጥናት ተቋም በማርች 1945 ተዘጋ። በዚያው ዓመት ኦገስት 9 ቀን ሌሊት፣ ናጋሳኪ በቦምብ ከመመታቷ ከሰዓታት በፊት፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሶቪየት ወታደሮች የማንቹሪያን ድንበር ተሻግረው ገቡ። ይስሙላው ካቢኔ ከአራት ዓመት በፊት የመጨረሻው ዙር ብሎ የጻፈው ይህንኑ ነበር።